ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት
አዲስ ምርትን ያለ ብክነት ስለ ማዘጋጀት በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን እንግዶች፣



የማንጎ ወቅት ሲደርስ የአሶሳን ገበያ ያየ ሰው ደስታና ሐዘንን በአንድ ቦታ ያያል። ፍሬው ሞልቶ ተርፏል። ልጆች እየበሉ ይሄዳሉ፤ መንገዱ ሁሉ የማንጎ ሽታ አለው። በዚያው ገበያ ግን ጠዋት ፍሬዋን በክምር በክምር ደርድራ የተቀመጠች እናት፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያንኑ ክምር በተገኘው ዋጋ ትሰጣለች። ይዛው ብትመለስ የሸክሙ ድካም አለ፤ ብታሳድረው ይበሰብሳል። ከዛፉ ሥር ወድቆ የቀረውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ይህን ያየ አባል በጠቅላላ ጉባዔ ላይ እጁን አውጥቶ «ማሽን ይገዛልን፤ ጭማቂም ሆነ ደረቅ ማንጎ አዘጋጅተን እንሽጥ» ቢል አይፈረድበትም። እሴት መጨመር ትክክለኛ ሐሳብ ነው። አርሶ አደሩ ጥሬውን ሸጦ ያለቀለትን መልሶ የሚገዛበት ዘመን ማብቃት አለበት። ችግር የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። ማሽኑ ተገዝቶ፣ መጋዘኑ ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ ካበቃ በኋላ «ለመሆኑ ማን ይገዛናል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያ ጥያቄ በጣም ውድ ጥያቄ ሆኗል። የሚከፈለውም ከአባላት ዕጣ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

የዛሬው ንግግር ዓላማ ይህን ጥያቄ ገና ርካሽ በሆነበት ሰዓት እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል ማሳየት ነው።

ሊንና ካይዘን

በዓለም ላይ «ሊን» የሚባል የአሠራር ዘዴ አለ። በአማርኛ «ከብክነት የጸዳ አሠራር» ቢባል ይቀርበዋል። መነሻው የጃፓኑ የመኪና አምራች ቶዮታ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብም ጥሬ ዕቃም ባጠረበት ወቅት፣ ታይቺ ኦኖ የተባሉ የፋብሪካው መሐንዲስ ለተጠቃሚው ጥቅም የማይጨምርን ሥራ ሁሉ ብክነት ብለው መቁጠር ጀመሩ። ብክነቱንም በሰባት ከፈሉት፤ እነርሱም ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ አላስፈላጊ ማጓጓዝ፣ ያለ ፍላጎት ሥራ ማብዛት፣ የተከማቸ ዕቃ፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና ብልሽት ናቸው። «ሊን» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም የወጣለት ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ይህ አሠራር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ካይዘን በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» የሚለውን የካይዘን ትምህርት ሳትሰሙ አትቀሩም።

ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ቀድሞ ያለን ምርት በተሻለ መንገድ ስለ ማምረት ነው። ገና ያልተወለደን ምርት ስለ ማዘጋጀት ግን ብዙ አልተነገረም። ለአንድ ዩኒየን ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

የማይታየው ብክነት

በመጋዘን ውስጥ ያለ ብክነት በዓይን ይታያል። የፈሰሰ ሰሊጥ፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ወረፋ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ሁሉም ያየዋል። አዲስ ምርት ሲታሰብ የሚደርሰው ብክነት ግን ወረቀት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ያልተጠየቀ ጥያቄ ብክነት ነው። ባለፈው ዓመት ተሞክሮ ያልተጻፈና ዘንድሮ እንደ አዲስ የሚጀመር ሙከራም ብክነት ነው። ውሳኔ በመጠበቅ ያለፈ የማንጎ ወቅት ሲመለስ ዓመት ይፈጃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተጣርቶና ተሟልቶ የተሠራ፣ ነገር ግን ማንም ያልፈለገው ምርት ነው።

ቶዮታ አዲስ መኪና ሲያዘጋጅ ይህን ብክነት የሚከላከልባቸው መንገዶች አሉት። ለእያንዳንዱ አዲስ መኪና ከሐሳቡ እስከ ገበያው ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ዋና መሐንዲስ ይሾማል። ያ ሰው ቢሮ ተቀምጦ አያቅድም። ለምሳሌ «ሲየና» የተባለውን የ2004 እ.ኤ.አ. ሞዴል የቤተሰብ መኪና እንዲያሻሽሉ የተሾሙት ዩጂ ዮኮያ፣ መኪናው የሚሸጠው ሰሜን አሜሪካ ስለሆነ 50ዎቹን የአሜሪካ ግዛቶች፣ የካናዳን ክፍለ ሀገሮችና ሜክሲኮን መኪና እየነዱ ዞረዋል። ቤተሰብ ረጅም መንገድ ሲሄድ መኪና ውስጥ እንደሚበላና እንደሚጠጣ፣ ድልድይ ላይ የጎን ነፋስ መኪናውን እንደሚገፋ በራሳቸው ላይ ደርሶ አዩት። መኪናውም የተሻሻለው ካዩት ተነሥቶ ነው።

ሌላው መንገድ አንድ ሐሳብ ላይ ቸኩሎ አለመጽናት ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ አማራጮች ጎን ለጎን በትንሹ ይሞከራሉ፤ ደካማው እየወደቀ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ፈተናውን ያለፈው ብቻ ይቀራል። ሲጀመር የዘገየ ይመስላል፤ ሲፈጸም ግን ይፈጥናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ከሀገራችን ሦስት ትምህርቶች

«ይህ የመኪና ፋብሪካ ነገር ነው፤ ገበሬን ምን ያገባዋል?» የሚል ይኖራል። መልሱን ለማግኘት ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። በሀገራችን እርሻ ውስጥ ትምህርቱ በተግባር ታይቷል።

የመጀመሪያው የአንድ በሬ ማረሻ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንዴት ይረስ ብሎ ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በድርቅ በሬውን ያጣ ብዙ ነበርና። ማዕከሉ ቀንበሩንና ሞፈሩን ለአንድ በሬ እንዲሆን አሻሽሎ በምርምር ጣቢያ ሲሞክረው፣ አንዱ በሬ ጥንዱ ከሚሠራው ከግማሽ በላይ ሠራ። በወረቀት ላይ ድል ነበር። ወደ ገበሬው ማሳ ሲወርድ ግን አልተለመደም። የጣቢያው በሬ በደንብ የተቀለበ ነበር፤ የገበሬው በሬ ደግሞ በጋውን በድርቆሽና በጭድ አሳልፎ፣ ከስቶ ነው ወደ እርሻ የሚገባው። በዚያ ላይ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ችግሩን ቀድሞውኑ በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ የሚባለው ይኸው ነው። አዲሱ ማረሻ የተወዳደረው ከባዶ ሜዳ ጋር ሳይሆን ከመቀናጆ ጋር ነበር።

ሁለተኛው የመረሬ አፈር ማጠንፈፊያው ቢቢኤም ነው። በደጋው የሀገራችን ክፍል ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈር 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይኸው ማዕከል ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ በዚህ አፈር ላይ ሠራ። በዚህ ጊዜ መነሻው የገበሬው ማሳ ሆነ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ቤተሰባቸውን ይዘው በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ እያወጡ ውኃውን ያጠነፍፉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያንን ሥራ በበሬ ለማሠራት አዲስ ማሽን ከውጭ አላስመጡም። ገበሬው ቤት ያለውን ማረሻ ወስደው፣ የሁለቱን ሞፈር አሳጥረው በማገናኘት 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ገበሬዎች «ከባድ ነው» ሲሉ ደግሞ ቀለል ያሉ ሌሎች ዓይነቶች ተከተሉ። መሣሪያው ርካሽ ስለነበረ ማሻሻሉም ርካሽ ነበር። ብዙ ሚሊዮን ወጥቶበት ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን ከማረም ገበሬውን መውቀስ ይቀል ነበር።

ሦስተኛው ቁንጮ ጤፍ ነው። ከቁንጮ በፊት ሁለት የታወቁ ዝርያዎች ነበሩ። ዲዜድ-01-974 ወይም ዱከም የተባለው ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ፍሬው ግን ገበያው የሚወደውን ያህል ነጭ አይደለም። ዲዜድ-01-196 ወይም ማኛ ደግሞ ገበያው የሚሻማበት ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ያንሳል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሁለቱን አዳቅሎ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮን ለቀቀ። ገበሬዎችም በማሳቸው ዝርያዎችን እያዩ በመምረጡ ሥራ ተካፋይ ሆነዋል። ቁንጮ በፍጥነት የተስፋፋው ምርታማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። «ምን ያህል ያፈራል?» ከሚለው ጋር «ማን በምን ዋጋ ይገዛዋል?» የሚለውም አብሮ ስለተመለሰ ነው።

ሦስቱ ሲጠቃለሉ አንድ ነገር ይናገራሉ። የመጀመሪያው ባለሙያ አጥቶ አይደለም ያልተለመደው፤ የገበሬው ማሳና ልማድ ዘግይቶ ስለተጠየቀ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀድመው ስለጠየቁ ተጠቀሙ።

ወደ አሶሳ ማንጎ ስንመለስ

እንግዲህ ይህ ለማንጎ ሲሆን ምን ይመስላል? አንድ ዩኒየን ከማንጎ አዲስ ምርት ሊያወጣ አሰበ ይበል።

መጀመሪያ የሚደረገው ሄዶ ማየት ነው። ማሳው፣ ገበያው፣ መንገዱና የገዢው ሱቅ ይታያል። በማሳ ላይ የሚታየው አብዛኛው ዛፍ ከፍሬ የበቀለ፣ ረጅምና ክር የሚበዛበት መሆኑ ነው። በብዙ ቦታ ፍሬው በዱላ ወይም በማነቃነቅ ይረግፋል። የወደቀ ማንጎ ውጭው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተቀጥቅጧል፤ በማግስቱ ይጠቁራል። ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባለው ተባይም አለ። በሀገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ክልላችንም ተዛምቷል። ቅጠሉን ያዳክማል፤ በልጣጩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ነጋዴም ያንን አይቶ ዋጋ ይሰብራል። ገበያው ሲታይ ደግሞ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በጆንያ ታጭቆ ይህን መንገድ የሄደ ፍሬ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ለማወቅ ከጭነቱ ጋር አንድ ጊዜ አብሮ መሄድና ሲራገፍ ቆሞ ማየት ከአሥር ሪፖርት ይበልጣል።

ሁለተኛው አማራጭ ማብዛት ነው። «ደረቅ ማንጎ» ብሎ ወዲያው ከመወሰን ቢያንስ ሦስት መንገድ ጎን ለጎን ይቀመጥ። አንዱ ደረቅ ማንጎ ነው። ሁለተኛው ጭማቂ ወይም ማርማላታ ነው። ሦስተኛው ምንም ማሽን የማይፈልገው፣ በጥንቃቄ የተለቀመ ጥሬ ማንጎ ነው። ጫፉ ላይ ከረጢት በታሰረ እንጨት ይለቀማል፤ ወተቱ ልጣጩን እንዳያቃጥል ከግንጫው ጥቂት ይተውለታል፤ በመጠንና በብስለት ተለይቶ በጆንያ ፈንታ በሣጥን ይጫናል። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ሰው «አዲስ ምርት» ብሎ አይቆጥረውም። ገዢው ከፍ ያለ ዋጋ ከከፈለበት ግን አዲስ ምርት ነው።

ሦስተኛው በትንሹ መሞከር ነው። ለደረቅ ማንጎ ሦስት ዓይነት ፍሬ ይወሰድ፤ የአካባቢው ክር የበዛበት፣ ክር ያነሰው፣ ከተገኘም የተዳቀለ ዝርያ። እያንዳንዱ በሁለት ውፍረት ይከተፍ። ይህ ስድስት ሙከራ ይሆናል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ቢያዝ በጠቅላላው 30 ኪሎ ማንጎ ብቻ ነው። ንጹሕ ቢላዋ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ወንፊት መደርደሪያና ከላይ ነጭ ላስቲክ የለበሰ የፀሐይ ማድረቂያ ይበቃል። ወፍራም የተከተፈው ውስጡ ሳይደርቅ ሊሻግት ይችላል፤ በጣም ስስ የሆነው ይሰባበራል። በሎሚ ውኃ የተነከረው ቀለሙ ቶሎ አይጠቁርም። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይናገራል፤ በአሶሳ ፍሬና በአሶሳ አየር ምን እንደሚሆን የሚናገረው ግን ሙከራው ብቻ ነው። የማንጎው ወቅት መጨረሻ ከክረምቱ ዝናብ መግቢያ ጋር ስለሚገናኝ፣ በመጋቢት ፀሐይ የተሳካው በሰኔ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሙከራው በወቅቱ መጀመሪያም መጨረሻም ይደረግ። ከደረቀውም ጥቂቱ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ከአንድ፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ተከፍቶ ይታይ።

አራተኛው ተጠቃሚውን በትክክል መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ጠባይ ያስቸግራል፤ ይሉኝታ። የቀመሰ ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ «ይጣፍጣል፣ በርቱ» ይላል። በዚህ ምስጋና ላይ ተመሥርቶ ማሽን መግዛት በጣም አደገኛ ነው። ኪስ ግን ይሉኝታ የለውም። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ታሽጎ፣ ዋጋ ተጽፎበት፣ ባለ ሱቁ ዘንድ ይቀመጥ። የሸማቹ ምላሽ ገዝቶ ሲሄድ ይታያል፤ እውነተኛው ምላሽ ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ሲጠይቅ ነው። ሙከራው ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ የሚጠየቀውን ፈቃድና የጥራት ደረጃ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መጠየቅም የዚሁ የመጀመሪያ ሥራ ክፍል ነው። ፋብሪካው ከቆመ በኋላ «የውኃው መግቢያ በዚህ በኩል መሆን ነበረበት» ከመባል ያድናል።

አምስተኛው ከዋጋ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ወጪው ተደምሮ፣ ትርፍ ተጨምሮ፣ ዋጋ መተመን ነው። ሊን ይህን ይገለብጠዋል። ገዢው የሚከፍለው ዋጋ መጀመሪያ ይታወቅ፤ ከዚያ ውስጥ የሱቁ፣ የማጓጓዣው፣ የማሸጊያውና የጉልበቱ ይቀነስ፤ የቀረው ለአርሶ አደሩ ማንጎ ስንት ይከፍላል? ለምሳሌ ያህል (የገበያ ዋጋ አይደለም) 12 ኪሎ ጥሬ ማንጎ 1 ኪሎ ደረቅ ቢወጣውና ጥሬው በኪሎ 10 ብር ቢገዛ፣ ገና ሥራ ሳይጀመር 120 ብር ወጥቷል። ጉልበቱ፣ ላስቲኩና መጓጓዣው 80 ብር ቢሆን 200 ብር ደረሰ። ገዢው ከ150 ብር በላይ የማይከፍል ከሆነ ትልቅ ማሽን መግዛት ኪሳራውን ትልቅ ከማድረግ በቀር ምንም አይጠቅምም። ይህን በ30 ኪሎ ማንጎ ማወቅ ይቻላል።

ሙከራው ምናልባት አንዱን ከአንዱ የሚያስተሳስር መልስ ይሰጥ ይሆናል። ልጣጩ ንጹሕ የሆነው ፍሬ በሣጥን ለሩቅ ገበያ ሲሄድ፣ በተባዩ ምክንያት ልጣጩ የተነጠበና ነጋዴው የናቀው፣ ሥጋው ግን ጤነኛ የሆነው ተልጦ ለማድረቂያ ሊውል ይችላል። ሲላጥ ነጠብጣቡ አይታይምና። ይህ ግን ተሞክሮ የሚረጋገጥ ግምት ነው።

ዘዴው ለማንጎ ብቻ አይደለም። አኩሪ አተር ከፕሮቲኑ 40 ከመቶ ያህል፣ ከዘይቱ 20 ከመቶ ያህል ያለው ሀብታም ሰብል ነው። በክልላችን የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ሰብል ምርምር ይታወቃል። ዱቄቱን ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ ለገንፎ ማቅረብ ቢታሰብ፣ ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። ጥሬው አኩሪ አተር የምግብ መፈጨትን የሚያውክ ነገር ስላለው ሳይበስል አይበላም፤ ሽታውንም ብዙ ሰው አይወደውም፤ ሳይፈጭ በፊት በፈላ ውኃ መቀቀል ሁለቱንም ይረዳል። ከአሥር እጅ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እጅ አኩሪ አተር በማድረግ ሦስት ዓይነት ገንፎ ይገንፋ። የበርታዋም፣ የጉሙዟም፣ ከወሎ መጥታ የሰፈረችውም እናት ገንፎ የምታገነፋበት የየራሷ መንገድ አላት። ዳኞቹ እነርሱና ልጆቻቸው ናቸው። ሳህኑን ጠርጎ የጨረሰ ልጅ ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ይናገራል።

አንድ ባለቤትና አንድ ደብተር

የጋራ የሆነ ሥራ ሁሉ አንድ አደጋ አለበት። የሁሉም ሲሆን የማንም ይሆናል። ለአዲስ ምርት ኮሚቴ ማቋቋም መልካም ነው፤ ነገር ግን ከኮሚቴው ውስጥ «ይህ ሥራ የእገሌ ነው» የሚባል አንድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ይኑር። ማሳውም፣ ሱቁም፣ ሒሳቡም የሚያገናኘው እርሱ ወይም እርሷ ይሁኑ። በሴቶች እጅ የሚሠራ ምርት ከሆነ፣ ባለቤቷ ሴት ብትሆን ሥራውን የምታውቀው እርሷ ናት።

ይህ ሰው አንድ ደብተር ይኑረው። በደብተሩ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ምን ልናውቅ ፈለግን፣ ምን አደረግን፣ ምን ሆነ፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ። ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀን ደረቀ፣ ዝናብ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ማን ገዛ፣ ማን መለሰ። የልማት ሠራተኛ ይቀየራል፤ የቦርድ አባል የሥራ ዘመኑ ያበቃል፤ ሥራ አስኪያጅም ይሄዳል። ደብተሩ ከቀረ ትምህርቱ ይቀራል። ደብተር የሌለው ዩኒየን በየዓመቱ አንደኛ ክፍል ይማራል።

የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት ለዚህ ምቹ ናቸው። ሠርቶ ማሳያ የሚዘጋጅበት መሬት ላይ የሙከራ ማድረቂያም ሊቆም ይችላል። የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም በአቅራቢያ አለ። ጥያቄ ይዞ የሄደ ማኅበር መልስ ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ባዶ እጁን የሄደ ግን ብሮሹር ይዞ ይመለሳል።

ለሥራ ኃላፊዎች

ክቡራትና ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የሚጠበቀው የመለኪያ ለውጥ ነው። የአንድ ዩኒየን ጥንካሬ ባስመረቀው ማሽን ብዛት ከተለካ፣ ዩኒየኑ ማሽን ይገዛል። ተጠቃሚን አውቆ፣ ሞክሮ፣ ሒሳቡን አቅርቦ በመወሰኑ ከተለካ ደግሞ እንዲሁ ያደርጋል። በሪፖርት ቅጹ ላይ «ተሞክሮ አያዋጣም ተብሎ የተተወ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ብዙ ብር ያድናል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ እንደ ውድቀት ስለሚቆጠር ማንም አይጽፈውም። ሠላሳ ኪሎ ማንጎ አበላሽቶ የአባላትን ዕጣ ያዳነ ኮሚቴ ግን ሊሸለም የሚገባው ነው።

እንዲሁም ውሳኔ በወቅቱ ይሰጥ። ማንጎ ስብሰባ አይጠብቅም። በመጋቢት የቀረበ የአነስተኛ ሙከራ በጀት በሐምሌ ቢፈቀድ፣ የተፈቀደው ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

ዩኒየን የተቋቋመው አንድ ገበሬ ብቻውን የማይችለውን ብዙ ሆኖ ለመቻል ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ኅብረቱ ጉልበት የሚሆነው ግን ዕዳ ለመካፈል ብቻ ሳይሆን ዓይን ለመደመር ሲውል ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንጎ የሚለቅም አለ፤ የሚሸጥ አለ፤ የሚጭን አለ፤ ለልጁ የሚያበላ አለ። አዲስ ምርት ሲታሰብ እነዚህ ሁሉ ከማሽን ሻጩ በፊት ይጠየቁ።

መጪው የማንጎ ወቅት ሩቅ አይደለም። እስከዚያ የሚያስፈልገው አንድ ኃላፊ ሰው፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ሚዛንና 30 ኪሎ ማንጎ ነው። ሙከራው «ያዋጣል» ካለ ማሽኑ በልበ ሙሉነት ይገዛል። «አያዋጣም» ካለም የአባላት ገንዘብ በቦታው አለ፤ ሌላው አማራጭ ይሞከራል። በሚቀጥለው የምስረታ በዓል ላይ ለጉባዔው የሚቀርበው የዚያ ደብተር ገጽ ቢሆን፣ ለዩኒየኑ ትልቅ ስጦታ ነው።